ለሊአት የሚሆን ማንበቢያ

አሽቀሎን፣ ሺምሾን ሰፈር
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. (በዚህ አገር አቆጣጠር 19 ኦክቶበር 2025)

ለአክስቴ ልጅ ለጋሼ ንጉሤ፤

ሰላምታዬ ከነቤተሰብህ በያለህበት ይድረስህ። የአባቶቻችን አምላክ ለአንተ ጤና፣ ለተማሪዎችህ ልብ ይስጥልኝ። እኛ ተመስገን ደህና ነን። በዓላቱ አልፈዋል፣ ሊአት ትምህርት ቤት ተመልሳለች፣ እኔም ሥራዬ ላይ ነኝ። አሁን የምንከባከባቸው አሮጊት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ አሳንሰሩም እንደሳቸው ደስ ሲለው ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ።

ዛሬ የምጽፍልህ ምክር ፈልጌ ነው። ሊአት አሥራ አንድ ዓመት ሞላት። ስልክ አልገዛም ብዬ ጸንቻለሁ፤ እዚህ ስልክ የያዘ ልጅ አንገቱን ሰብሮ ነው የሚውል። እሷም ስልክ አላለችም። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ሙጭጭ ያለችው መጽሐፍ የሚያስነብብ መሣሪያ ላይ ነው፤ እንደ ደብተር የሚያዝ፣ ብዙ መጽሐፍ የሚገባበት። አስተማሪዋን ሞራንን ብጠይቃት «ጥሩ ነው፣ ግን የወላጅ ቁልፍ ያለውን ግዢ» አለችኝ። ለልጅ የማይሆነውን መጽሐፍ የሚዘጋ፣ ሰዓቱንም የሚወስን ማለቷ ነው።

ሚግዳል ገበያ ወርጄ የሦስት ካርቶን ፎቶ አንስቻለሁ፤ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አሥራ አራት ዓመት ኖሬበት፣ ዕብራይስጡን ቀኑን ሙሉ እየተናገርሁ፣ ፊደሉ እስካሁን አልገባ አለኝ። አንተ ደግሞ ጎንደር ቁጭ ብለህ፣ ብቻህን ተምረህ በመዝገበ ቃላት ታነበዋለህ፤ የምታናግረው ሰው የለህም እንጂ። ሁለታችን ብንደመር አንድ የተማረ ሰው ይወጣናል።

ለምን ሊአት አታነብልሽም ትል ይሆናል። ቤቴ የሚገባውን ወረቀት ሁሉ የምታነብልኝ እሷ ናት፤ የመብራቱን፣ የማዘጋጃ ቤቱን፣ የባንኩን፣ የኩፓት ሆሊምን፣ የሕክምናውን ማለቴ ነው። ከአባቷ ከምትኩ ከተለያየን ወዲህ የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ ራሱ እሷ አንገት ላይ ነው ያለው። ይሄኛውን ግን ሻጭም ገዢም እሷ እንዳትሆን ፈራሁ። የወደደችውን ካርቶን አንስታ «ምርጡ ይሄ ነው ይላል» ብትለኝ በምን አውቃለሁ?

ስለ ጤናዬ ለጠየቅኸኝ፣ ነሐሴ ላይ የተነሣሁት የጡት ራጅ መልስ መጥቷል። ሊአት አነበበችልኝ፣ ደህና ነው ይላል። አታስብ።

እህትህ ወይንሸት


ጎንደር፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወይኒ፤

ደብዳቤሽ በሰላም ደረሰኝ፤ ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ከነልጅሽ ይጎብኝሽ። እኛ ሁላችን አለን። የራጁን መልስ ሰምቼ ባለቤቴም እኔም ደስ ብሎናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ኔትዎርኩ ሲመጣ ሲሄድ ሰንብቶ ዘገየሁ። አሁንም በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ ነው የምልክልሽ፤ አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ድምፅሽን ቀርጸሽ የምትልኪው አውቶቡስ ላይ ሆነሽ ስለሆነ ከአንቺ ይልቅ ሾፌሩን ነው የምሰማው።

ካርቶኖቹን ሁለት ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኋቸው። የመጀመሪያው «ለመላው ቤተሰብ» ይላል። ሠላሳ ዓመት ልጅ ሳስተምር የተረዳሁት፣ ለመላው ቤተሰብ የተባለ ነገር ለልጅ አይሆንም። ፊልም አለው፣ ጨዋታ አለው፣ መጽሐፍ የሚለው ታች ጥግ ላይ ነው። ተዪው። ሦስተኛው፣ ያ ሮዝ ልባስ ያለው፣ በደቃቅ ፊደል ውስጡ እንግሊዝኛ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ሊአት የምትመርጥልሽ እሱን እንደነበር እወራረዳለሁ።

ሁለተኛው ግራጫ የቢሮ በር ይመስላል፤ እሱን ግዢ። ገጹ እንደ ወረቀት ነው፣ ዓይን አይወጋም። የዕብራይስጥ መጽሐፍ ያወርዳል፣ ኢንተርኔት ግን አያስከፍትም። መዝገበ ቃላት አለው፤ የማታውቂው ቃል ላይ ጣትሽን ስታሳርፊ ፍቺው ይወጣል። እኔ በጉልምስናዬ ከዚያ ቋንቋ ጋር ስታገል ይህን ባገኝ ኖሮ ግማሽ ፀጉሬ ይተርፍልኝ ነበር። የወላጁ ቁልፍ በዕድሜ ነው፤ አሥራ ሁለት ላይ አድርጊው። በየሳምንቱም ልጅቷ ምን እንዳነበበች፣ ምን ቃል እንደፈለገች፣ ምን ልትከፍት ሞክራ እንደተዘጋባት ስልክሽ ላይ ዝርዝር ይልክልሻል።

አደራሽን፣ ቁልፉ በአራት ቁጥር የሚዘጋ ነው፤ ቁጥሩን አንቺ ብቻ እወቂው። የልደት ቀኗንም አታድርጊው።

ወንድምሽ ንጉሤ


አሽቀሎን፣ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. (10 ኖቬምበር)

ለጋሼ ንጉሤ፤

እንደምን ሰነበትህ? እኔና ልጄ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። ውርርዱን አሸንፈሃል፤ ሮዙን ነበር የፈለገችው። ግን ግራጫውን ገዝቼ ስገባ አላኮረፈችም። «መዝገበ ቃላት አለው?» ብቻ አለችኝ። አለው ስላት ነጠቀችኝ።

ማስተካከሉ ላይ ግን አትቆጣኝ። መሣሪያው ሲከፈት በዕብራይስጥ ይጠይቃል፣ አንዱን ስትመልስለት ሌላ ይጠይቃል። ፎቶ እያነሣሁ ወደ አንተ ብልክ በዓላችን ሲግድ ያልፍብናል። እሷ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ባንክ ሄደን የኮምፒዩተሩን ጥያቄ የምትመልስልኝ እሷ፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ የምትይዝልኝ እሷ። እጄ ለምዶ ሰጠኋት። የወላጁን ቁልፍም እሷው ዘጋችው። ቁጥሩን በጥሩ ወረቀት ጽፋ «ኢማ፣ እንዳትረሺው» ብላ ሰጠችኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

የመጀመሪያው ሳምንት ዝርዝር ስልኬ ላይ መጣ፣ ፎቶው ይኸው። ስለ ልጅቷ የሚናገረውን ለራሷ ማስነበቡ ደስ አላለኝም። ቢያንስ ይሄኛው በአንተ ዓይን ይለፍ።

እህትህ ወይንሸት


ጎንደር፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወይኒ፤

ጤናሽ ይብዛ፤ ሰላምሽ ይጽና። ሥጋውን ለጅብ አደራ ሰጥተሽ፣ ጅቡም ደረሰኝ ቆርጦ ሰጥቶሻል! ክፍል ውስጥ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ስስቅ ተማሪዎቼ አበደ ብለው ተያዩ።

አሁን ዝርዝሩን ልንገርሽ። ከላይ «የአንባቢው ዕድሜ» የሚል አለ፤ ሊአት አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ስለ አንዲት ፈረስ የሚያወራ ታሪክ ሃያ ደቂቃ አንብባለች። ከዚያ «ሰውነታችንና በሽታዎቹ» የሚባል ትልቅ መጽሐፍ አለ፤ እሱን ስድስት ሰዓት። በመዝገበ ቃላት የተፈለጉ ቃላት ስልሳ አንድ ናቸው ይላል። ሐኪም ልትሆንልሽ ነው መሰለኝ፣ ደስ ይበልሽ።

ሆኖም ቁልፍ ቁልፍ ነው። ሱቁ ሄደሽ ሻጯ ቁጥሩን እንድትቀይርልሽ፣ ዕድሜውንም አሥራ ሁለት እንድታደርገው ጠይቂያት። ልጅቷን ይዘሽ እንዳትሄጂ።

ወንድምሽ ንጉሤ


አሽቀሎን፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. (23 ኖቬምበር)

ለጋሼ ንጉሤ፤

የሲግድ በረከት ይድረስህ። ኢየሩሳሌም በአውቶቡስ ሄደን ጾመን፣ ጸልየን ተመለስን። ሊአት ከቄሶቹ ፊት ለፊት ቆማ ስትጸልይ አየኋት፤ ሌላ ጊዜ ከጓደኞቿ ጋር ዳቦው የሚቆረስበትን ሰዓት ነበር የምትጠብቀው። ልጄ አደገች ብዬ ደስ አለኝ።

ቁልፉን አስቀይሬያለሁ። የሱቋ ልጅ ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ሊአት ማታ ልትከፍተው ስትል አልከፈት አላት። ጋሼ፣ እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ትንሽ ሆና ክንዷ የተሰበረ ጊዜ እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም። «ባንኩን አንብቢ ትይኛለሽ፣ መጽሐፍ ግን ትዘጊብኛለሽ» አለችኝ። ተነሥቼ ሄጄ ዕቃ አጠብሁ።

ሌላም አለ። አሁን አሁን ከአልጋዬ ካልተኛሁ ትላለች። ከሥራ ስመለስ ቤቱ ተጠርጎ፣ ልብሱ ታጥቦ አገኛለሁ፤ ሳላዛት። ባለፈው ደግሞ እናቴ በስንት ዓመቷ እንደሞተች ጠየቀችኝ። ወደ ኮረዳነት ስትጠጋ እንዲህ ያደርጋቸዋል ይላሉ። አንተ ሴት ልጅ አሳድገሃልና ምን ትላለህ?

የሁለት ሳምንት ዝርዝር ከዚህ ጋር አለ።

እህትህ ወይንሸት


አሽቀሎን፣ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም. (7 ዲሴምበር)

ለጋሼ ንጉሤ፤

ሰላም ነህ ወይ? ሁለት ሳምንት ሆነ። ደብዳቤዬን እንዳየኸው ስልኬ ያሳየኛል። ባለፈው ስትደውል ስለ ዝናብ ብቻ አውርተህ ዘጋህ፤ አንተ ስለ ዝናብ የምታወራ ሰው አይደለህም። ቅር ያሰኘሁህ ነገር ካለ ንገረኝ። የታመመ ሰው ካለም አትደብቀኝ።

ወይንሸት


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወይንሸት፤

አምላክ ያበርታሽ፤ ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እዚህ ሁላችን ደህና ነን፤ የሞተም የታመመም የለም። ኔትዎርክ የጠፋው አራት ቀን ብቻ ነበር። የቀረው አሥራ አምስት ቀን የእኔ ፍርሃት ነው።

የላክሽልኝን ዝርዝር ያነበብሁት በደረሰኝ ዕለት ነው። ልጅቷ ታሪክ የሚባል ነገር አልነካችም። በመዝገበ ቃላት ደጋግማ የፈለገችው ሦስት ቃል ነው። «ሚምጻ» ይላል፤ በምርመራ የተገኘ ነገር ማለት ነው። «ቢሩር» ይላል፤ ማጣራት ማለት ነው። ሦስተኛው «ዳሑፍ» ነው፣ አስቸኳይ። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ በየቀኑ ትናገሪዋለሽ። ከዚያ ቀጥሎ የተዘጋባት መጽሐፍ አለ፤ ለጡት ካንሰር ሕሙማንና ለቤተሰባቸው የተጻፈ ነው። አሥራ አራት ጊዜ ልትከፍተው ሞክራለች።

ወይኒ፣ ደህና ነው ይላል የተባለው የራጅ ደብዳቤ ደህና ነው የሚል አይመስለኝም።

እኔም አልተጣደፍሁም። በእኛ ወግ ክፉ ነገር በወረቀት አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ ማለዳ በር ያንኳኳል። እናንተ ሰፈር ላሉት ለእትዬ ሙሉእመቤት ደወልሁ፣ የአገራችን ሰው አይደሉ? ሁለት ሽማግሌ ይዘው ጎህ ሳይቀድ እንዲሄዱልኝ ለመንኋቸው። «ማን ሞተ?» አሉኝ። ማንም አልሞተም አልኋቸው። «ማንም ካልሞተ ሦስት ሆነን በሌሊት በሯ ላይ ቆመን ወይንሸትን በድንጋጤ ልንገድላት ነው ወይ? ምን ሆነሃል?» ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው። በሽታ መርዶ አይደለም፤ እኔ ግን እንደ መርዶ አድርጌ ያዝሁት።

ስልክም ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። መጀመሪያ ያነሣችው ሊአት ናት። ድምፄን ስትሰማ «አጎቴ፣ ዝርዝሩን አንተ ነህ የምታነበው?» አለችኝ። አዎ አልኋት። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁ ሰው፣ እናትሽን ሰላም በያት ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሁለተኛ ስደውል አንቺ አነሣሽ፣ ስለ ዝናብ አወራን።

ያንን ስድስት ሰዓት የተነበበ የበሽታ መጽሐፍ አይቼ ሐኪም ልትሆን ነው ብዬ የቀለድሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አፍሬያለሁ።

አሁን ደብዳቤውን ፈልጊው። ፎቶ አንስተሽ ወደ እኔ አትላኪ፤ እኔ እስካነበው ሌላ ሳምንት ይሄዳል። ይዘሽ ሐኪም ቤቱ ሂጂ። ሳይቃጠል በቅጠል። ልጅቷን እንዳትመቻት፣ በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ።

ወንድምሽ ንጉሤ


አሽቀሎን፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም. (15 ዲሴምበር)

ለጋሼ ንጉሤ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አነበብሁት። ቁጭ ብለሽ አንብቢ ያልኸው ከመሐል ነው የገባኝ፤ ያኔ ተቀምጬ ነበር። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ።

ቤት ገብቼ ሳጥኑንም መሳቢያውንም ፈተሽሁ። የተገኘው ከማንበቢያው ልባስ ውስጥ ነው፣ በአራት ታጥፎ። አንድ አልነበረም፣ ሁለት ነበር። ሁለተኛውን ጭራሽ አላየሁትም።

አልመታኋትም። አልጋው ላይ አስቀምጬ ጠየቅኋት። ሲጨንቃት በዕብራይስጥ ነው የምትናገረው፤ እኔ በአማርኛ እየጠየቅሁ እሷ በዚያኛው እየመለሰች አወጣነው። መጀመሪያ ደብዳቤው ሲመጣ አልዋሸችም፣ ጋሼ። ሚምጻ የሚለውን ቃል አታውቀውም ነበር። ከላይ «ለተከበሩ ወይዘሮ» ይላል፣ ከታች «መልካም ጤንነት እንመኛለን» ይላል፤ ሰላምታውን አይታ ደህና ነው አለችኝ። እኔም እየቸኮልሁ ነበር፣ ጎሽ ብዬ ወጣሁ። ቃሉ ግን እንቅልፍ ነሳት። አስተማሪ እንዳትጠይቅ ፈራች። ማንበቢያውን የፈለገችው ለዚያ ነው፤ ለመዝገበ ቃላቱ። እኔና አንተ ካርቶን ስናማርጥ፣ ለልጅ የሚሆን የማይሆን ስንል፣ ልጄ አንድ ቃል ነበር የምትፈልገው።

ፍቺውን ስታገኝ ደግሞ እኔን ካረጋጋች ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። «ከዚያ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?» አለችኝ። «ፍቺውን ሳገኘው የምትሞቺ መሰለኝ፣ ያልነገርሁሽም እኔ ስለሆንሁ የገደልሁሽ እኔ ነኝ።» ሁለተኛው ደብዳቤ ሲመጣ ደበቀችው። ሐኪም ቤቱ ሲደውል ስልኬን አንስታ እናቴ ሥራ ላይ ናት አለቻቸው። ሁለት ወር ሙሉ ይህን ተሸክማ ትምህርት ቤት ሄደች፣ ፈተና ተፈተነች፣ ቤቴን ጠረገች። እኔ ደግሞ አደገች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጋሼ፣ ከበሽታው ይልቅ ይሄ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

ትናንት ሁለቱንም ወረቀት ይዤ ሐኪም ቤቱ ቀረብሁ። ጸሐፊዋ አይታ ወዲያው አስገባችኝ። በሌላ መሣሪያ አዩኝ፣ በመርፌም ቁራጭ ወሰዱ። መልሱ 4 ጃንዋሪ ነው። ሊአት አብሬሽ ልግባና ላስተርጉምልሽ ትለኛለች። ምን ልበላት?

እህትህ ወይንሸት


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወይኒ፤

ምሕረት ይውረድልሽ፤ የኛም ጸሎት ከአንቺ ጋር ነው። ለልጅሽ አይሆንም በያት። በቁጣ አይደለም፣ ግን አይሆንም።

እኛ ትልልቆቹ የቆለፍነው የፈረስ ታሪክ ማንበቢያውን ነው፤ የባንኩንና የሐኪሙን ደብዳቤ ግን ክፍት ትተንላታል። ከመሣሪያው በፊት ፖስታ ሳጥኑን ነበር መቆለፍ የሚገባን። አንቺን ብቻ አልወቅስሽም። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት የአንዱን ተማሪዬን አባት የፍርድ ቤት ወረቀት ልጁ እንዲያነብለት አድርጌያለሁ፤ ጎበዝ ነው እያልሁ፣ በኩራት። ልጁ ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ አልመጣም። ለምን እንደሆነ አሁን ነው የጠየቅሁት።

የፖስታውን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቂና ወደ አንቺ ቁልፎች አስገቢው። ለቀጠሮው ቀን አማርኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ እንዲመድቡልሽ ጠይቂ፤ ጠይቀሽ የሚሰጥሽ ነገር ነው እንጂ ልመና አይደለም። እንዳታፍሪ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ቤታችሁ ደግሞ ደባቂዋ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች።

ማንበቢያውን አትንጠቂያት። ዕድሜው አሥራ ሁለት ላይ ይሁን፣ ግን ፈረሷ የት እንደደረሰች አልፎ አልፎ ጠይቂያት። ለእኔም አንድ ነገር አድርጊልኝ። ዝርዝሩን ከእንግዲህ አትላኪልኝ፤ ልጅቷ አጎቷ ከጎንደር ሆኖ እንደሚቆጥርባት እያሰበች እንድታነብ አልፈልግም።

መልሱን በሰማሽ ዕለት ጻፊልኝ። የፈለገውን ቢሆን እንደሆነው ጻፊው።

ወንድምሽ ንጉሤ


አሽቀሎን፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም. (6 ጃንዋሪ 2026)

ለጋሼ ንጉሤ፤

ጸሎታችሁ ደርሶኛል፤ እናንተንም እግዚአብሔር በጤና ያቆይልኝ። እንደሆነው ጻፊ ብለሃልና እንደሆነው እጽፋለሁ። ካንሰር ነው። ትንሽ ነው፣ አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር። ሌላ ቦታ የሄደ አይመስለንም ብለዋል፤ ሲከፍቱት ነው ግን የሚያረጋግጡት። 20 ጃንዋሪ ቀዶ ሕክምና ያደርጉልኛል፣ ከዚያ በጨረር እታከማለሁ። ሁለቱ ወር ምን ያህል እንደጎዳኝ ጠየቅሁ። ሐኪሟ ይህን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርሽ አይችልም አለችኝ።

አስተርጓሚ ሰጥተውኛል። ኤልሳ ትባላለች፣ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። አጠገቤ ተቀምጣ ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ካንሰር የሚለውን ቃል ስትደርስበት ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፣ አልዘለለችውም። ድገሚልኝ አልኋት፣ ደገመችልኝ። አሥራ አራት ዓመት በዚህ አገር ሐኪም ቤት ስገባ ስወጣ፣ የተነገረኝን ሙሉውን የሰማሁት ያን ዕለት ነው። እስከዛሬ ልጄ የቻለችውን ያህል ነበር የምሰማው። ማክሰኞ ማክሰኞ ፖስታዬን ይዤ እንድመጣ ኤልሳ ነግራኛለች፤ ቁልፉም አሁን ከቤቴ ቁልፍ ጋር ነው።

ሊአትን እቤት ሁኚ ብላት እንቢ አለች። ኮሪደሩ ላይ ትጠብቀኝ ብዬ ተስማማን። ስወጣ ማንበቢያውን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፣ አልከፈተችውም። ብድግ ብላ «ኢማ፣ ማ አምሩ?» አለች፤ ምን አሉሽ ማለቷ ነው።

ልንገርህ፣ ጋሼ፣ አፌ ላይ የመጣው «ደህና ነው ብለዋል» የሚል ነበር። ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም፤ የምላትን ታምናለች። ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ትጫወታለች፣ እስከ ቀዶ ጥገናው ሁለት ሳምንት በሰላም ትተኛለች። እሷ ለእኔ ያደረገችውን ላደርግላት ፈልጌ ነበር፣ በፍቅር። ያኔ ነው ልጄ እንዴት እንደዋሸችኝ ከልቤ የገባኝ።

አጠገቧ ተቀመጥሁ። ካንሰር ነው ብለዋል አልኋት። ትንሽ ነው ብለዋል። የትንሿን ጣቴን ጥፍር አሳየኋት፣ ይህን ያክላል። ይቆርጡታል፣ ቀኑ ይሄ ነው፣ ያን ዕለት እትዬ ሙሉእመቤት ጋ ታድሪያለሽ። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ በዕብራይስጥ ሳይሆን በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «በእኔ ምክንያት ነው የዘገየው ብለዋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጠይቄያቸዋለሁ አልኋት። ማወቅ አይቻልም ብለዋል። ደብዳቤው የተጻፈው ለእኔ ነው፣ ማንበብ የነበረብኝም እኔ ነኝ፤ ይሄኛውን ሐኪሟ አላለችም፣ እኔ ነኝ የምልሽ አልኋት። ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር፣ የዘለልሁት ቃል እንዳለ የምትፈልግ ይመስል። አልነበረም። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርሁ፤ አንድም ቃል አላስቀረሁባትም።

እህትህ ወይንሸት